ባለቤት የሌለው ግስ

ላቲን ውስጥ «ፕሉዊት» የሚባል ግስ አለ። ትርጉሙ «ይዘንባል» ነው። አንድ ቃል ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። መጨረሻው ላይ ያለችው «ት» የሦስተኛ መደብ ነጠላ ምልክት ስለሆነች አንድ «እሱ» ከኋላዋ የቆመ ይመስላል። «ማን ነው እሱ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ግሱ መልስ የለውም። ትምህርት ቤት ሰዋስው ስንማር «ባለቤት» ያሉን ነገር እዚህ ጋ የለም።

ይህች ባዶ ቦታ ብዙ ሊቃውንትን እረፍት ነስታለች። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቁስጥንጥንያ ውስጥ ላቲን ያስተምር የነበረው ፕሪስኪያን፣ «ያንጎዳጉዳል» ሲባል ባለቤቱ የማይጠራው አድራጊው ጁፒተር መሆኑ ስለሚታወቅ ነው የሚል ማብራሪያ ነበረው። ከሱ በፊት የግሪኩ ሰዋስው ሊቅ አፖሎኒዮስ ዲስኮሎስ ስለ ዜውስ ተመሳሳይ ነገር ብሏል። ከዚያ ወዲህ ማብራሪያው እያደገ ታሪክ ሆነ። ታሪኩም እንዲህ ነው፦ ጥንት ሰዎች «ጁፒተር ያዘንባል» ይሉ ነበር፤ ቀስ በቀስ የአምላኩ ስም ከአፋቸው ወደቀ፤ ግሱም ያለ ባለቤት ቀረ።

ታሪኩ ሁለት ዓይነት ወዳጅ አለው፤ ሁለቱ ደግሞ እርስ በርስ አይዋደዱም። አንደኛው ወገን «አያችሁ፣ የጥንት ሰው የዋህ ነበር፤ ከዝናቡ ኋላ ሰው መሰል አምላክ ካላስቀመጠ ዝናብ አይገባውም ነበር፤ እኛ ሠለጠንን» ይላል። ሁለተኛው ወገን «አያችሁ፣ የጥንት ሰው አስተዋይ ነበር፤ ዝናቡ ከማን እንደሚመጣ ያውቃል፤ እናንተ ናችሁ ባለቤቱን ያባረራችሁት» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ሲሟሟቅ ማንም የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ለመሆኑ ባለቤቱ መጀመሪያውኑ እዚያ ነበር ወይ?

እኔ አልነበረም ባይ ነኝ። ይህን ስል ስለ ፈጣሪ መኖርና አለመኖር እየተከራከርኩ አይደለም፤ እሱን ግስ አይወስነውም። የምከራከረው ስለ አንድ የአስተሳሰብ ልማድ ነው። ባዶ ቦታ ባየን ቁጥር «እዚህ አንድ ሰው ነበረ» የምንል ከሆነ፣ እውነት ሰው የነበረበትንና ሆን ተብሎ የተጠረገውን ቦታ ከሌላው መለየት ያቅተናል። ባለቤት የሌለው አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱ የተደበቀ ሌላ ነገር ነው። «ፕሉዊት» ይህን ልዩነት ለመማር ከማውቃቸው ቃላት ሁሉ የተሻለው ነው።

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች «ፕሉዊት»ን «ፕሌው» ከሚመስል በጣም ጥንታዊ ሥር ያወጡታል። ሥሩ የዛሬዎቹ የአውሮፓ፣ የኢራንና የሰሜን ሕንድ ቋንቋዎች አብዛኞቹ ከሚጋሩት የአያት ቋንቋ የመጣ ነው። ዘመዶቹን ስትሰበስቧቸው ነገሩ ደስ ይላል። በግሪክ «ፕሌኦ» በመርከብ እጓዛለሁ ማለት ነው። በሳንስክሪት «ፕላቫቴ» ይንሳፈፋል፣ ይዋኛል ማለት ነው። በሊትዌንኛ «ፕላውቲ» ማለቅለቅ፣ ማጠብ ነው። በሩሲያኛ «ፕሊት» መዋኘት፣ መንሳፈፍ ነው። እንግሊዝኛና ጀርመንኛ የድሮውን «ፕ» ወደ «ፍ» ስለሚቀይሩ (ላቲን «ፓተር» ያለውን አባት እንግሊዝኛ «ፋዘር» እንዳለው) በነሱ በኩል «ፍሎው»፣ «ፍሎት» እና «ፍሊሰን» ሆኖ ይገኛል፤ መፍሰስና መንሳፈፍ።

እዚህ ዝርዝር ውስጥ አምላክ አያችሁ? ያለው ውኃ ነው። የሚሄድ ውኃ፣ የሚያነሳ ውኃ፣ የሚያጥብ ውኃ። ላቲን ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ውኃ መርጦ ለሱ ብቻ ሰጠው። ቃሉ ሲወለድ ውኃው ምን እንደሚሆን ተናገረ እንጂ ማን እንደላከው አልተናገረም። ሌሎቹን የሰማይ ግሶች ብታዩም ነገሩ ያው ነው። «ኒንጊት» (በረዶ ይጥላል) ከእንግሊዝኛው «ስኖው» እና ከሩሲያኛው «ስኔግ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ሥሩ በረዶ ነው። «ቶናት» (ያንጎዳጉዳል) ከእንግሊዝኛው «ተንደር» ጋር አንድ ነው። እንዲያውም ቶር የሚባለው የሰሜን አውሮፓ አምላክ ስሙን ያገኘው ከዚሁ የነጎድጓድ ቃል ነው። ነጎድጓዱ ለአምላኩ ስም አወጣለት እንጂ አምላኩ ለነጎድጓዱ አላወጣለትም።

አሁን ተቃዋሚዬ ዝም አይልም፤ ዝም ማለትም የለበትም፤ ጥሩ ማስረጃ አለው። የመጀመሪያው ሆሜር ነው። በኢልያድ 12ኛ መጽሐፍ ውስጥ «ይዘንባል» የሚለው የግሪክ ግስ ዜውስን በግልጽ ባለቤት አድርጎ ቆሟል። ሁለተኛው ጀሮም ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ5ኛው መጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን ሲመልስ፣ ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እና ምዕራፍ 19 ላይ «ፕሉዊት»ን ከነዘሩ ወስዶ ጌታን ባለቤት አድርጎለታል። «ይኸውልህ! ግሱ ባለቤት ይቀበላል» ይለኛል ተቃዋሚዬ።

እሺ፣ ይቀበላል። ግን መቀበል ሌላ፣ ከመጀመሪያው መያዝ ሌላ። የሆሜር ግስ ከላቲኑ ጋር በሥር አይገናኝም፤ ሌላ ቃል ነው። የጀሮም ደግሞ ትርጉም ነው። ከፊቱ ያለው ዕብራይስጥ «እንዲዘንብ አደረገ» የሚል የማስደረጊያ ቅርጽ ይጠቀማል፤ ላቲን ለዝናብ እንዲህ ያለ ቅርጽ ስላልነበረው ጀሮም ያለውን ግስ ዘረጋው። ይህ ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት የማያስፈልገው ነገር ነው። እኛ «ዘነበ» እና «አዘነበ» አለን። ግዕዙም «ዘንመ» እና «አዝነመ» ይላል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሰዶምና ገሞራ ላይ እግዚአብሔር «አዘነበ» እንጂ «ዘነበ» አይባልም። አድራጊ ሲመጣ «አ» ትጨመራለች። ባለቤቱ «ዘነበ» ውስጥ ተደብቆ ቢሆን ኖሮ እሱን ለማስገባት በር መክፈት ለምን ያስፈልግ ነበር?

ደግሞ ጁፒተር ራሱ ማነው? የስሙ የመጀመሪያ ክፍል ከዜውስ ጋር አንድ ነው፤ ሥሩ ብሩህ ሰማይ፣ ቀን ማለት ነው። የላቲኑ «ዲዬስ» (ቀን) የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው ክፍል «ፓተር»፣ አባት ነው። ሰማይ አባት። ሮማውያን «ከጁፒተር በታች» ሲሉ «ሜዳ ላይ፣ ጣሪያ በሌለበት» ማለታቸው ነበር። ስለዚህ «ጁፒተር ያዘንባል» የሚለውን እስከ ሥሩ ብትቆፍሩት የምታገኙት «ሰማዩ ይዘንባል» ነው። አድራጊ ፍለጋ ሄዳችሁ ቦታ አገኛችሁ ማለት ነው።

ሌላው የማምለጫ መንገድ ከስፔን መጣ። ፍራንሲስኮ ሳንቼስ የሚባለው የሳላማንካ ሊቅ በ1587 ባሳተመው «ሚኔርቫ» በተባለ መጽሐፉ፣ ባለቤት የሌለው ግስ ፈጽሞ የለም ብሎ ተከራከረ። «ፕሉዊት» ሲባል ውስጡ «ፕሉዊያ» (ዝናብ) አለ፤ «ዝናብ ይዘንባል» ማለት ነው አለ። ለጆሯችን አይጎረብጥም፤ እኛም «ዝናብ ዘነበ» እንላለን። ግን ይህ ባለቤት ማግኘት ነው? «ፕሉዊያ» የወጣው ከግሱ ነው። ግሱን ወስዶ ስም አድርጎ መልሶ ከፊቱ ማስቀመጥ አድራጊ አይሰጠንም፤ ያንኑ ቃል ሁለት ጊዜ ይሰጠናል። ሩጫው ሮጠ እንደማለት ነው። ኒቼ በ1887 ስለ መብረቅ ያነሳው ትችት እዚህ ላይ ይሠራል፦ ሰዎች ብልጭታውን ከመብረቁ ይለዩና መብረቁን አድራጊ፣ ብልጭታውን ሥራው ያደርጉታል። ሁለቱ ግን አንድ ነገር ናቸው።

ሮማውያን ራሳቸው ግሱን እንዴት እንደያዙት ማየት ይሻላል። ሊቪ በመጀመሪያው መጽሐፉ፣ በንጉሥ ቱሉስ ሆስቲሊየስ ዘመን አልባ ተራራ ላይ ድንጋይ ዘነበ የሚል ወሬ ለንጉሡና ለሸንጎው እንደደረሰ ይተርካል። ወሬው አጠራጣሪ ስለነበር ሰዎች ሄደው እንዲያዩ ተላኩ፤ አይተውም አመኑ፤ የዘጠኝ ቀን ሥርዓት ታወጀ። ከዚህ የበለጠ ለአምላክ የተመቸ ዝናብ የለም። ሆኖም የሊቪ ግስ ያለ ባለቤት ይቆማል፤ ድንጋዩም ባለቤት አይሆንም፣ «በድንጋይ ዘነበ» ነው የሚለው። አምላኮቹ የገቡት በሥርዓቱ በኩል ነው። ሮማዊው ፍርሃቱን በመሠዊያው ላይ፣ ዝናቡን በግሱ ውስጥ ለየብቻ አስቀምጦ መኖር ይችል ነበር። የማንችለው እኛ ነን።

በሙያዬ ኮድ ጸሐፊ ስለሆንኩ ነገሩን በራሴ ቋንቋ ልበለው። አንዳንድ ፈንክሽን ሁለት ግብዓት ይፈልጋል፤ አንዳንዱ አንድ፤ አንዳንዱ ደግሞ ምንም። ምንም የማይፈልገው ፈንክሽን ቅንፉ ባዶ ስለሆነ ተበላሽቷል አይባልም፤ ሲጻፍ ጀምሮ እንዲያ ነው። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ሉሲየን ቴኒየር ከሞተ በኋላ በ1959 በታተመው ሥራው ግሶችን ልክ እንዲህ ደርድሯቸዋል። ከኬሚስትሪ ተውሶ ግስን እንደ አቶም አየው፤ የሚይዛቸውን ተሳታፊዎች ቆጠረ፤ «ሰጠ» ሦስት፣ «መታ» ሁለት፣ «ወደቀ» አንድ። የዝናብና የበረዶ ግሶችን ዜሮ ላይ አስቀመጣቸው። ዜሮ ደግሞ ቁጥር ነው፤ የጠፋ ቁጥር አይደለም።

«ታዲያ እንግሊዞች ለምን ‹ኢት› ይጨምራሉ?» የሚል ይኖራል። ቋንቋቸው ባለቤት የሌለበት ዓረፍተ ነገር ስለማይቀበል ነው፤ ኮምፓይለሩ እንዳይጮህ ተብሎ የሚገባ ባዶ እሴት በሉት። የፈረንሳይኛው «ኢል» እና የጀርመንኛው «ኤስ» ያው ናቸው። የ«ፕሉዊት» የቅርብ ልጆች ግን አብዛኞቹ ይህ ጣጣ የለባቸውም። ጣልያኑ «ፒዮቬ» ብሎ ያልፋል፤ ስፔኑ «ዩዌቬ»፣ ሮማኒያው «ፕሎዋ»። ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ «ባለቤቱ ጠፍቷል» እየተባለ አንድም ቀን ባለቤቱ ሳይናፍቃቸው ኖረዋል።

እስከዚህ ያለው ስለ ባዶው ነው። አሁን ስለ ተደበቀው።

ላቲን ሌላም ባለቤት የማይጠራበት ቅርጽ አለው፦ «ፑግናቱር»። ቃል በቃል «ይዋጋል» ሳይሆን «ውጊያ ይደረጋል» የሚል ነው። ማን እንደሚዋጋ አይናገርም። ከሩቅ ሲያዩት የ«ፕሉዊት» ወንድም ይመስላል፤ የጥንት ሰዋስው መጻሕፍትም ሁለቱን በአንድ ስም «ኢምፐርሶናል» ብለው ይጠሯቸዋል። ነገር ግን አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፦ «በማን?» ብላችሁ ጠይቁ። ዩሊየስ ቄሳር በ55 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ብሪታንያ ዳርቻ ላይ ስለወረደበት ቀን ሲጽፍ ይህንኑ ቅርጽ ተጠቅሞ «በሁለቱም ወገን» የሚል ጨምሮበታል። ቦታው ነበር፤ ሲፈልግ ሞላው። «ፕሉዊት» ላይ ግን «በእገሌ» ብላችሁ መጨመር አትችሉም። አንዱ ቅንፍ ባዶ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሌላው ቅንፍ ውስጥ ስም ነበረ፣ ሎጉ ላይ እንዳይታይ ተደርጓል።

ሁለቱ ሲምታቱ ምን እንደሚፈጠር የሚያሳይ አንድ ሰው አለ፤ እሱም በአጋጣሚ የ«ፕሉዊት»ን ታሪክ ከሚመሰክሩልን አንዱ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በፔትሮኒየስ «ሳቲሪኮን» ውስጥ፣ ትሪማልኪዮ የሚባል ሀብታም ቤት ግብዣ ላይ ጋኒሜዴስ የሚባል ነፃ የወጣ ባሪያ ስለ ዳቦ ዋጋ ያማርራል። ለቋንቋ አጥኚዎች ውድ የሆነው «ይዘንብ ነበር» ሲል የመጻሕፍቱን ቅርጽ ትቶ «ፕሎዌባት» ማለቱ ነው። ይህ የተራው ሰው አነጋገር ነው፤ የድሮውን «ፕሎው» ድምፅ ጠብቋል፤ ጣልያንኛው «ፒዮቬሬ» የወረደውም ከዚህኛው ቅርጽ ነው። ሊቃውንቱ ያስተማሩት ቅርጽ መጻሕፍት ውስጥ ሲቀር የጋኒሜዴስ አፍ እስከ ዛሬ ሮም መንገድ ላይ ይዘንባል።

የሚናገረው ነገር ግን ከድምፁ ይበልጣል። ምሬቱን ሲጀምር ስም አለው፦ የገበያ ተቆጣጣሪዎቹ ከዳቦ ጋጋሪዎች ጋር ተመሳጥረዋል፤ እከክልኝ ልከክልህ ተባብለዋል፤ ድሃው ይጎዳል፤ ትልልቆቹ መንጋጋዎች ዘወትር በዓል ላይ ናቸው። ድሮ ግን አንድ ደፋር ሰው ነበረ፤ ያኔ ዳቦ ርካሽ ነበር። እስከዚህ ድረስ ጋኒሜዴስ ያገሬን ሰው ይመስላል፤ በጣም ጎበዝ ነው። ከዚያ ንግግሩ ይታጠፋል። ይህ ሁሉ የመጣው ከአማልክት ነው ይላል፤ የሚጾም የለም፣ ጁፒተርን ከቁም ነገር የሚቆጥር የለም። ድሮ ሴቶች በባዶ እግራቸው፣ ፀጉራቸውን ፈትተው ኮረብታ ወጥተው ውኃ ይለምኑ ነበር፤ ወዲያው በእንስራ ይወርድ ነበር። በልመናው ውስጥ ጁፒተር አለ፤ ዝናቡ ሲመጣ ግን ግሱ እንደ ልማዱ ብቻውን ይቆማል።

ምን እንደሠራ አያችሁ? የዳቦው ዋጋ ባለቤት ነበረው፤ ራሱ ጋኒሜዴስ በስማቸው ጠርቶ ከሷቸዋል። ንግግሩ ሲያልቅ ግን ተቆጣጣሪዎቹ ከዓረፍተ ነገሩ ወጥተው ሄደዋል፤ የቀረው ድርቅ፣ ኃጢአትና ሰማይ ነው። ባለቤት ለሌለው ዝናብ ባለቤት ሲፈልግ፣ ባለቤት የነበረው ዳቦ ባለቤቱን አጣ። እንደ ግምቴ ተቆጣጣሪዎቹ ግብዣው ላይ ቢኖሩ ኖሮ በዚህኛው ክፍል ላይ በደንብ ያጨበጭቡ ነበር።

ለዚህ ነው ነገሩ የላቲን ተማሪዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም የምለው። እኛም የምንኖረው በሰማይ ሰዋስው ውስጥ ነው። «ሲስተም የለም» ይባላል መስኮቱ ላይ፤ ሲስተሙ እንደ ደመና መጥቶ የሄደ ይመስል። መብራት «ሄደ»፣ ኔትወርክ «ጠፋ»፣ ኑሮ «ተወደደ»፣ ውሳኔ «ተወሰነ»፣ ዋጋ «ጨመረ»። እነዚህ ግሶች እንደ «ዘነበ» ብቻቸውን ቆመው ንጹሕ ይመስላሉ። መፈተኛዋን አውጡና ጠይቁ። «ተወሰነ» በማን? ጥያቄው ያስኬዳል፤ መልስም አለው። «ጨመረ» ማን ጨመረው? ያስኬዳል። «ማን አዘነበው?» የጸሎት ጥያቄ ነው፤ «ማን ጨመረው?» የቢሮ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ጸሎቱንም አያከብረውም፣ ቢሮውንም አያስተካክለውም።

በኮድ ዓለም «ጊት ብሌም» የሚባል ትእዛዝ አለ። እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ያሳያል። ስሙ «ክሰስ» ማለት ቢሆንም የሚጠቅመው ለመክሰስ ብቻ አይደለም፤ ማንን እንደምትጠይቅ ካላወቅህ ነገሩን ማስተካከል አትችልም። መስመሩን ማንም ያልጻፈው ይመስል «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ሪፖርት ግን የትም ቢሮ አለ። ስህተት እንደ ጤዛ አይፈጠርም።

«ዝናብስ ቢሆን ሰው የለበትም?» የሚለኝ አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ጎርፍ ቤት ሲወስድ ዝናቡን ማንም አላዘነበውም፤ ቱቦው በቆሻሻ ሲደፈን ዝም ያለ ግን አለ፤ ወንዝ ዳር ቤት እንዲሠራ የፈቀደም አለ። መለየት የምንፈልገው ለዚህ ነው። «የተፈጥሮ አደጋ» የሚለው ሐረግ ሁለቱን በአንድ ጆንያ ከትቶ አፉን ይሰፋዋል። «ዘነበ» ያለ ባለቤት ይቁም፤ «ተደፈነ» ግን ስም ይጠራበት።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉ። ተረቱ ለዘመናት ሲነገር የኖረው ሁለተኛው ሐረግ በመጀመሪያው ታዝሎ ነው፤ ሰማዩ እውነትም አይታረስም፣ ስለዚህ ንጉሡም አይከሰስም ተባለ። ከሰው ወገን የሆነ ሥልጣን ሁሉ የሚመኘው ይህንኑ ነው፤ ከአየር ጠባዩ ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ መግባት። በትሕትና «ምን ይደረግ፣ ሆነ» እንድንል ይፈልጋል። የዚህ ተረት መድኃኒቱ ሰማዩን መክሰስ አይደለም፤ ሁለቱን ሐረጎች መነጣጠል ነው።

እናም «ፕሉዊት»ን ተዉት። ጁፒተርን አትመልሱለት፤ አልወሰዳችሁበትም። ላቲን ተናጋሪው ገበሬ ጠዋት በር ከፍቶ አንዲት ቃል ሲል የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ውኃ እየወረደ ነበር፣ ያንን ተናገረ። የጎደለውን የምትፈልጉ ከሆነ ፍለጋው ሰማይ ድረስ አያስወጣም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈችውን፣ ማኅተም ያላትን፣ «ተወስኗል» ብላ የምትጨርሰዋን ወረቀት አንብቡ። እዚያ ቅንፉ ውስጥ ስም ነበረ።